«ልጆቻችን አይሸጡም» አልን። ከዚያስ?

ዛሬ የምጽፈው ላይክ የሚያዘንብ ነገር አይደለም። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ትናንት እንደ ወትሮዬ ጠዋት ወጥቼ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ «የሥራ ልምድ 3 ዓመት» የምትለዋን ረግሜ ቤት ተመለስኩ። አያቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ገና አረፍ ሳልል «ደብዳቤ አልመጣም?» አለችኝ።

የሥራ ደብዳቤዬን የጠየቀችኝ መሰላችሁ አይደል? አይደለም። ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ስላለፈኝ ስለሱ መጠየቁን ትታዋለች። አያቴ የምትጠብቀው የአክስቴን ልጅ ደብዳቤ ነው። 16 ዓመት ሆናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ስትሞት ልጇ 4 ዓመቷ ነበር። አባቷ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ አልተመለሰም። ስለዚህ እኛ ቤት መጣች። እኔ ያኔ 9 ዓመቴ ነው። ከኔ ጋር በአንድ መደብ ተኝተን፣ ከአንድ ትሪ በልተን ኖረናል። አንድ ቀን ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰውዬ ከከተማ መጣ። «ከድርጅት ነው የመጣሁት» አለ። ልጅቷ ውጭ አገር ሄዳ ትማራለች፣ በየዓመቱ ፎቶና ደብዳቤ ይመጣል፣ 18 ዓመት ሲሞላት ደግሞ ተመልሳ ቤተሰቧን ታያለች አለ። አያቴ ማንበብ አትችልም። ፍርድ ቤት ቀርባ «ተስማምተዋል ወይ?» ሲሏት «አዎ» አለች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

ሦስት ፎቶ መጣ። በመጀመሪያው በረዶ ላይ ወፍራም ካፖርት ለብሳ ቆማለች። በሦስተኛው የፊት ጥርሷ ወልቆ ትስቃለች። ከዚያ ድርጅቱ ተዘጋ፣ ሰውዬውም ስልኩን ቀየረ። በቃ። ፎቶዎቹ በሟቹ አያቴ ዳዊት መሐል ተቀምጠዋል። ልጅቷ ዘንድሮ 20 ዓመቷ ነው።

«ለምን ሰጠቻት?» ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። አያቴ ልጅ አልሸጠችም፤ አምስት ሳንቲም አልተቀበለችም። ልጅቷ እንድትማር ነው የፈቀደችው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብላ ነው።

የኛ ቤት ታሪክ የኛ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላመጣውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። በዚያ ዓመት ወደ አሜሪካ ልጅ በመላክ ከቻይና ቀጥላ 2ኛዋ አገር እኛ ነበርን። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ወደ አሜሪካ የሄዱት ከ15,000 ይበልጣሉ። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየምና ዴንማርክ የሄዱት እዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም።

መጋቢት 2003 ዓ.ም. ላይ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ከአሁን በኋላ በቀን ከ5 ፋይል በላይ አላይም አለ። ለምን? እስከዚያ በቀን እስከ 50 ይታይ ስለነበር ነው። 50 ልጅ በቀን! አንድ ሙሉ የመማሪያ ክፍል ማለት ነው። የእያንዳንዱ ልጅ እናት በእርግጥ መሞቷን፣ አጎት ወይም አክስት መኖር አለመኖሩን፣ የፈረመው ሰው የፈረመበትን ማወቁን በአንድ ቀን ውስጥ ማን ያጣራል? ማንም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ነገሩ የተበላሸው ከቃሉ ነው።

«ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛም ወደ ሕጋችንም የገባው ከኦሮምኛ ነው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ ሆኖ የገባ ልጅ እንደ ቤቱ ልጅ ይቆጠራል፣ ይወርሳል፣ በአሳዳጊው ስም ይጠራል። በሌላውም አካባቢ «የጡት ልጅ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ የጡት አባትና የጡት ልጅ የሆኑ ሰዎች እስከ ሞት ድረስ ይተሳሰባሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁ ሁለተኛ ቤተሰብ ያገኛል እንጂ የመጀመሪያውን አያጣም። ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ለቅሶ ላይ ይገኛል፣ እናቱን በገበያ ቀን ያገኛታል።

የቤተሰብ ሕጋችንም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህንኑ ነው የሚለው። በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም። ሁለቱ ቤተሰቦች የሚጋጩበት ጉዳይ ሲመጣ ብቻ የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል።

የአሜሪካው ግን ሌላ ነው። እዚያ ልጁ በሕግ ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሱ ቤተሰብ ይዛወራል። ከወለዱት ጋር የነበረው ሕጋዊ ዝምድና ይቆረጣል። የአሳዳጊዎቹን ስም ወላጅ ብሎ የሚጽፍ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣለታል። በነሱ አገር ይህ ክፋት አይደለም፣ ልጁን ለመጠበቅ የተሠራ ሕግ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰዎች ፈረሙ። አንደኛዋ «ልጄ ሌላ ቤተሰብ አገኘች» ብላ፣ ሌላኛዋ «ልጅ ወለድኩ» ብላ። አያቴ እስከ ዛሬ በር በሩን የምታየው ሞኝ ሆና አይደለም። በምታውቀው ጉዲፈቻ ልጅ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ አንዳንዶቻችሁን የማያስደስት ነገር ልናገር። በባሕር ማዶም የሚጠብቅ ሰው ነበር።

እነዚያ ሰዎች ሁሉ ሌባ አልነበሩም። ልጅ ለማሳደግ ያመለከተ ባልና ሚስት ቤቱ በባለሙያ ይመረመራል፣ አሻራ ይሰጣል፣ የጤናና የገቢ ማስረጃ ያቀርባል፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ከዚያ ይጠብቃል፤ ወራት፣ ዓመታት። አንድ ቀን የልጅ ፎቶ ይላክለታል። ክፍሉን ቀለም ይቀባል፣ አልጋ ይገዛል። አንዴ ለፍርድ ቤቱ፣ አንዴ ለቪዛው ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ጉዳዩን ድንገት ሲያግድ ፎቶ በእጃቸው ይዘው፣ ልጁን አንድ ጊዜ አቅፈው የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። አልጋው ባዶ ሆኖ ሲያዩት ምን እንደሚሰማ አያቴን ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች።

ለምንድነው ይሄን የምላችሁ? ጠላት ያልሆነ ሰውም ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል እንድናውቅ ነው። የነዚያ ሰዎች ጥበቃ ገበያ ፈጠረ። አንድ ቦታ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገንዘብ ይዞ «ሕፃን ልጅ፣ ጤነኛ፣ ትንሽ ዕድሜ ያላት» ብሎ ከተሰለፈ፣ ሌላ ቦታ ላይ ያቺን ሕፃን ፈልጎ የሚያመጣ ደላላ ይፈጠራል። እናት የሌላት ልጅ ካልተገኘች፣ ደሃ እናት ያላት ትገኛለች። «ወላጅ አልባ» የተባሉ ብዙዎቹ ልጆች እናት ወይም አባት፣ ካልሆነም አያት ነበራቸው። የጎደላቸው ዘመድ አይደለም፣ ጤፍ ነው።

ይሄ የኛ ምሬት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ራሱ ከኢትዮጵያ ልጆችን ያመጣ የነበረ ድርጅት ሠራተኞችን በሐሰተኛ የጉዲፈቻ ሰነድና በጉቦ ከሷል። ኋላም ከተከሳሾቹ ውስጥ ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ።

የሃናንም ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ እወቁት። ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የሄደች ልጅ ነበረች። ግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ፣ በረሃብ የከሳ ሰውነቷ ብርዱን መቋቋም አቅቶት ሞተች። ፍርድ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አሳዳጊ እናቷን ወደ 37፣ አሳዳጊ አባቷን ወደ 28 ዓመት በሚጠጋ እስራት ቀጣ። የሃናን ፎቶ ስንት ጊዜ ለጥፈናል? ብዙ ጊዜ። ግን እውነቱን እንናገር፤ በፍቅር ያደጉ፣ ተምረው ቁም ነገር የደረሱም ብዙ ናቸው። እነሱን የሚለጥፍ የለም፤ ምክንያቱም አያናድዱም።

ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ዘጋ። እኔ ይህን ውሳኔ እደግፋለሁ። ማጣራት ያልቻለ አገር በሩን መዝጋት አለበት። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም የውጭ ጉዲፈቻ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን ነው የሚለው። እኛ ጋ የመጀመሪያ አማራጭ ሆኖ ነበር።

ያን ሰሞን ሁላችንም «ልጆቻችን አይሸጡም!» ብለን ጻፍን። ደስ አለን። ክብራችን ተመለሰ አልን። ከዚያስ?

እስኪ ልጠይቃችሁ። ቻርተሩ «የመጨረሻ አማራጭ» ሲል ከዚያ በፊት ሌሎች አማራጮች አሉ ማለት አይደል? ዘመድ ጋ ማደግ፣ በአደራ ቤተሰብ ማደግ፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ። የመጨረሻውን በር ዘግተን እነዚህን ካልከፈትን ልጁ የት ይሂድ? ማሳደጊያ ውስጥ ይቀራል ወይ ጎዳና ይወጣል። ያ ልጅ ባንዲራ ስር ስለተራበ ረሃቡ አይቀልለትም።

ሰፈራችን ውስጥ ለ12 ዓመት ልጅ ሳይወልዱ የኖሩ ባልና ሚስት አሉ። አንድ ማሳደጊያ ሄደው አንዲት ሕፃን አይተው ወደዱ። ወረቀት ሊጀምሩ ሲሉ ዘመድ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጤነኛ ናት ወይ?» የሚል አልነበረም። «የማን ዘር ናት?» ነው ያሉት። ሕፃኗ መንገድ ላይ የተገኘች ናት፤ ዘሯን የሚያውቅ የለም። ባልና ሚስቱ እየከበዳቸው ተዉት።

ወገኖቼ፣ ይሄንን ጥያቄ ለዘመዶቻቸው ያስተማራቸው ማነው? ፈረንጅ ነው? በየቀኑ ስልካችን ላይ ምን እንደምንጽፍ እናውቃለን። እኛ ነን በየፖስቱ «ወገን፣ ወገን» የምንለው። ያቺ ሕፃን የማን ወገን ናት? ዘሯን መናገር ስላልቻለች ወገን የላትም? ለፈረንጅ አንሰጥም ያልነውን ልጅ ራሳችን የማንወስድ ከሆነ፣ የወደድነው ልጁን አይደለም፣ ኩራታችንን ነው።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሆዴ የጠየቅኩበት ጊዜ አለ። አሁን ግን አያቴን አስባለሁ። የአክስቴን ልጅ ያሳደጓት ሰዎች «የማን ዘር ናት?» ብለው አልጠየቁም። ደብዳቤ ስላቋረጡ ባዝንባቸውም ይሄን ግን አልነሳቸውም።

«ታዲያ ደሃ ነን፣ ምን እናድርግ?» ትሉኝ ይሆናል። የክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ታሪክ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በወሎ ረሃብ መሐል በሞተች እናት ጎን ሕፃን አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸው «ልጆቹን ወይ እኔን» ወደሚል ሲደርሱ ቤታቸውንና ትዳራቸውን ትተው ልጆቹን ይዘው ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ሁሉ ነው ያለቀሰው። ሲጀምሩ የውጭ ለጋሽ አልነበራቸውም። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ ነው ያሳደጓቸው። ደግሞም የልጆቹን ዘር አልጠየቁም።

ሁላችንም አበበች ጎበና መሆን አንችልም። እኔ ራሴ እውነቱን ልንገራችሁ። ሕጉ ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት ይሁነው ይላል። ዘንድሮ 25 ሞላኝ። ዕድሜው አለኝ፣ እንጀራው የለኝም። የሥራ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ልጅ አሳድጋለሁ ቢል ያስቃል። ግን ከኪሳችን ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ አፋችንን እናርም። «ማደጎ»፣ «ከየት እንደመጣ የማይታወቅ» እያልን ልጅ ማሸማቀቅ እናቁም። ልጅ ለማሳደግ ያሰበ ጎረቤት ስታዩ የመጀመሪያው የምታወጡት ቃል «እንኳን ደስ አላችሁ» ይሁን። ብዙ ልጅ ቤት ያጣው በገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፣ በዘመድ ምላስም ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜ አለን። ሥራ ፈት ነን እኮ! በየከተማው ማሳደጊያ አለ። ሂሳብ ማስጠናት፣ ማንበብ ማስተማር፣ ኳስ ማጫወት እንችላለን። ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ በሕጋቸው ገብታችሁ ሥሩ። ፎቶ እያነሳችሁ ለመለጠፍ ግን አትሂዱ። ልጆቹ የፖስታችን ማሳመሪያ አይደሉም።

ሦስተኛው፣ ለኔ ትልቁ፣ የሄዱትን እንጠብቅ። ደቡብ ኮሪያን ተመልከቱ። ከጦርነቱ ማብቂያ ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ወደ 200,000 የሚጠጉ ልጆች ወደ ውጭ ልካለች። እነዚያ ልጆች አደጉ፣ ተመለሱ፣ «ፋይሌን አሳዩኝ» አሉ። ፋይሉ ሲከፈት እናት እያላቸው «ወላጅ አልባ» ተብለው የተጻፉ ተገኙ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 የአገሪቱ የእውነትና እርቅ ኮሚሽን መንግሥት የነዚያን ልጆች መብት መጣሱን በይፋ ተናገረ። ኮሪያ እዚያ ለመድረስ 70 ዓመት ፈጀባት።

የኛዎቹም እያደጉ ነው። ከ15,000 በላይ የሆኑት እነዚያ ልጆች ዛሬ የናንተ እኩዮች ናቸው፤ እናንተ ያላችሁበት ስልክ ላይ፣ እናንተ ያላችሁበት መተግበሪያ ላይ አሉ። አንዳንዶቹ አማርኛ ወይም የወላጆቻቸውን ቋንቋ በተሰባበረ አንደበት ሊናገሩ ሲሞክሩ ቪዲዮ ታያላችሁ። ኮሜንቱ ላይ ምን እንደምንጽፍ ደግሞ አውቃለሁ። «ፈረንጅ ሆነሻል»፣ «ስምሽን አስቀየሩሽ»፣ ሳቅ በሳቅ። ቋንቋዋን የረሳችው በ4 ዓመቷ በኛ ፊርማ ስለሄደች ነው። የሚሳቅባት አይደለችም፣ ይቅርታ የምትጠየቅ ናት።

ስለዚህ በየቤታችሁ፣ በየቀበሌያችሁ ልጅ የላከ ቤተሰብ ካለ አሁን ተቀመጡና ጻፉ። የልጁ ሙሉ ስም፣ የእናትና የአባት ስም፣ የተወለደበት ቦታ፣ የሄደበት ዓመት፣ ወረቀት ላይ የነበረው የድርጅት ስም፣ ፎቶ ካለ ቅጂው። የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ አትጣሉት። በየገጹ አትበትኑት፣ የሰው ምስጢር ነው፤ ቤት ውስጥ አስቀምጡት። የፈረሙት አያቶች እያረጁ ነው። እነሱ ካለፉ ልጅቷ ስትመጣ የምታገኘው መቃብርና «አላውቅም» የሚል ጎረቤት ይሆናል።

ትናንት ማታ ለአያቴ «ደብዳቤ ካልመጣ እኛ እንጻፍላት» አልኳት። ዝም ብላ ቆየች። «ምን ብለን?» አለች። «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍ» አልኳት። እስከ እኩለ ሌሊት ነገረችኝ፤ የእናቷን ስም፣ የተወለደችበትን ለሊት፣ ስታለቅስ ምን ተብላ ትባበል እንደነበር፣ ፍርድ ቤት የሄዱበት ቀን ምን እንደለበሰች። አራት ገጽ ሞላ። የት እንደምልከው አላውቅም። በዳዊቱ መሐል ከሦስቱ ፎቶዎች ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ አያቴ ስለ ደብዳቤ አልጠየቀችኝም። «ጃኬት ልበስ፣ ይበርዳል» ብቻ አለችኝ።

እናንተስ ቤት የሚጠበቅ ልጅ አለ? ስም ሳትጠሩ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። ለምታውቁት ቤተሰብም አድርሱልኝ።